ልጄ «ማካፈል እንዴት ያበዛል?» ስትለኝ

ምሽት ላይ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ ከየበሩ የሚሰማኝ ተመሳሳይ ነው። «ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው? ትናንት ነግሬሽ አልነበር?» ይላል አንዱ ቤት። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ ወንበር ይጎተታል፤ አንዳንዴም ልጅ ያለቅሳል። እናትና አባት ሲሠሩ ውለዋል። ለታክሲ ተሰልፈው ነው የመጡት። እራት ሳይቀርብ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ይከፈታል። ሒሳብ፣ ገጽ ይህን ያህል፣ ከተራ ቁጥር ይህ እስከ ይህ። ከሥር የወላጅ ፊርማ። ልጅም ደክሟል፣ ወላጅም ደክሟል። ክፍልፋይ የሚመጣው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው።

ይህችን ሰዓት አቅልለን የምናያት ይመስለኛል። ልጆች «ሒሳብ ይሆንልኛል» ወይም «አይሆንልኝም» የሚለውን የሚወስኑት ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። እቤት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ፊታችንን ሲያዩም ይወስናሉ።

ልጄ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት። ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለባት ቤታችን ውስጥ ሒሳብ ሳይነሳ የሚያልፍ ምሽት የለም። ሰሞኑን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወርክሺት ይዛ መጣች። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ 4 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ሪባን አለ፤ እያንዳንዳቸው 3/4 ሜትር በሆኑ ቁራጮች ቢቆራረጥ ስንት ቁራጭ ይወጣዋል? ልጄ የጻፈችው መልስ 3 ከ3/8 ነው። ማካፈል ሲገባት አባዝታለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አጭር መንገድ አለ። «ሁለተኛውን ገልብጠሽ አባዢ» ብሎ መገላገል። ሁላችንም ተምረነዋል፤ ብዙዎቻችን ከሒሳብ ትምህርት ያስቀረናትም እሷን ነው። መልሱ 6 ይሆናል፣ ይፈረማል፣ እራት ይቀርባል። እኔ ግን «እስቲ እንዴት አስበሽ እንደሠራሽው ንገሪኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ መገልበጡን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ገልብጬ ሳባዛ 6 መጣ። 6 ደግሞ ከ4 ተኩል ይበልጣል። ማካፈል እኮ ያሳንሳል፣ እንዴት ያበዛል? ስለዚህ ሳልገለብጥ አባዛሁት።»

ይህ የሰነፍ ልጅ መልስ አይደለም። መልሷን ካገኘች በኋላ «ያስኬዳል ወይ?» ብላ መርምራዋለች። ብዙ አዋቂ ይህን አያደርግም። ችግሩ የመረመረችበት መለኪያ ላይ ነው። ከታችኛው ክፍል ጀምራ 12 ከረሜላ ለ3 ልጅ፣ 20 ብር ለ5 ሰው ስታካፍል ኖራለች። ሁልጊዜም መልሱ ከተካፋዩ ያንሳል። ለዓመታት ማንም «ይህ የሚሠራው አካፋዩ ከ1 ሲበልጥ ነው» አላላትም። እና አንድ ቀን ክፍልፋይ መጥቶ የምታምነውን ነገር አፈረሰባት። በሕጉና በራሷ ግምት መካከል ስትቆም የራሷን ግምት መረጠች። እኔ በዚህ ኮርቻለሁ።

እርግጥ መልሱ ስህተት ነው። ግን ስህተቱን ያመጣው ሐሳብ ካልወጣ፣ ብትገለብጥም ነገ ሌላ ጥያቄ ላይ ያው ሐሳብ ይመለሳል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ቤኒ የሚባል አሜሪካዊ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ስታንሊ ኧርልዋንገር የተባለ ተመራማሪ ስለሱ ጽፎ ነበር። ቤኒ የ12 ዓመት ልጅ፣ 6ኛ ክፍል ነው። ፈተናውን እያለፈ ወደፊት የሚሄድ፣ መምህሩም ከጎበዞቹ የሚቆጥሩት ልጅ ነበር። ተመራማሪው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «እንዴት ሠራኸው?» እያለ ሲጠይቀው ሌላ ነገር ወጣ። 5/10ን ወደ አስርዮሽ ቀይር ሲባል 1.5 ይላል። 2/10ን ደግሞ 1.2። ለምን? ላዕሉንና ታህቱን ደምሮ መሃል ላይ ነጥብ ስለሚያስቀምጥ። 5 እና 10፣ 15፤ ነጥብ ሲገባበት 1.5። የራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉንም በትክክል ይከተላል። ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም። የቤት ሥራ ላይ ከልጄ ጎን ስቀመጥ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ይህን ነው፤ ከመልሱ በስተጀርባ ያለውን ሕጓን።

ወደ ሪባኑ ልመለስ። መጀመሪያ ወርክሺቱን ገልብጠን አስቀመጥነውና ጥያቄውን በአማርኛ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ። በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ስሌቱ ሳያቅተው ንባቡ ላይ ይወድቃል፤ ቁጥሮቹን ብቻ ለቅሞ የመጣለትን ምልክት መሃላቸው ይከታል። በአማርኛ መልሶ ካልተረከልኝ ጥያቄው አልገባውም ማለት ነው፤ ስሌት መጀመርም የለበትም። ልጄ ተረከችው። ግን ሪባን በሜትር ሲቆራረጥ አይታ አታውቅም። ቡና ግን ታውቃለች።

«እሺ» አልኳት፣ «4 ኪሎ ተኩል ቡና አለን። ለዘመድ እንቋጥራለን። አንዱ ከረጢት ሦስት ሩብ ኪሎ ይይዛል። ስንት ከረጢት ይሞላል?»

ሱቅ ተልካ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ሩብ ኪሎ ቡና ስታመጣ ያደገች ልጅ ናት። «1 ኪሎ ውስጥ ስንት ሩብ አለ?» ስላት መልሱን ለማሰብ እንኳ አልቆመችም። አራት። በ4 ኪሎ ተኩልስ? ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እየጠቆመች ቆጠረች። 16፣ ከግማሹ ደግሞ 2፣ በድምሩ 18 ሩብ። አንድ ከረጢት 3 ሩብ ይፈልጋል። 18 ለ3። ስድስት።

ዝም አለች። ያ ያላመነችው 6 ነው የመጣው። መገልበጥ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ ወረቀት ላይ የከረጢቱን መጠን እየቀያየርን ጻፍን። ከረጢቱ 2 ኪሎ ቢይዝ 2 ከረጢት ከሩብ። 1 ኪሎ ቢይዝ 4 ተኩል። ግማሽ ኪሎ ቢይዝ 9። ሩብ ቢይዝ 18። ከላይ እስከታች አየችውና «ከረጢቱ ሲያንስ ብዛቱ ይጨምራል» አለች። ከ1 ኪሎ በታች የሆነ ጊዜ መልሱ ከ4 ተኩል ማለፍ እንደሚጀምርም ራሷ አገኘችው። ይህን እኔ ብነግራት ኖሮ «እሺ አባዬ» ብላ ነበር የምታልፈው። አሁን ግን የራሷ ነው። ግልበጣው ራሱ ከየት እንደመጣ ያን ምሽት አላነሳሁትም። ለአንድ ቀን በቂ ነበር።

ወላጆች «እኔ ራሴ ለምን እንደሚገለበጥ አላውቅም፣ ምን ብዬ ላስረዳ?» ሲሉ እሰማለሁ። ማፈር አያስፈልግም። ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት የአሜሪካና የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን 1 ከ3/4 ለ1/2 ሲካፈል ስንት እንደሆነ ጠይቃ ነበር። ስሌቱን ከሞከሩት 21 አሜሪካውያን መምህራን ትክክለኛ መልስ ላይ የደረሱት 9 ናቸው። 72ቱ ቻይናውያን በሙሉ አግኝተውታል። «ለዚህ ስሌት የሚሆን ታሪክ ፍጠሩለት» ስትላቸው ደግሞ አሜሪካውያኑን በጣም ከበዳቸው፤ ብዙዎቹ ለ1/2 በማካፈል ፈንታ ለ2 የሚያካፍል ታሪክ አመጡ። እነዚህ መምህራን ናቸው። ስለዚህ ከሥራ የመጣ እናት ወይም አባት ቢቸግረው አይገርምም። የቻይናውያኑ ብልጫ ሕጉን ማወቃቸው ብቻ አልነበረም። ብዙዎቹ ለስሌቱ ታሪክ ነበራቸው። ቡናው ለእኛ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ሩቅ መሄድ አይፈልግም። እናቴ ያደገችው አርሲ ነው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ክፍልፋይ የሚባል ምዕራፍ ከፍታ አታውቅም። ባለፈው ቤታችን መጥታ ሳለ ትንሹ ልጄ፣ 4ኛ ክፍል ነው፣ 1/4 ከ1/3 ይበልጣል ብሎ ሙጭጭ አለ። 4 ከ3 ስለሚበልጥ። እናቴ ሰማችውና «የኔ ልጅ፣ ባለመሬቱ ሲሶ ሲወስድብህ ይሻልሃል ወይስ እርቦ?» አለችው። ሲሶ አንድ ሦስተኛ፣ እርቦ አንድ አራተኛ ማለት እንደሆነ አያውቅም። እሷ ግን ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት አባቷ የሰው መሬት ሲያርሱ አይታለች። ሲሶ የሚወስድ ባለመሬትና እርቦ የሚወስድ ባለመሬት ለአንድ ቤተሰብ ምን ልዩነት እንዳላቸው በጎተራው ነው የምታውቀው። ፊቷ የነበረውን ቆሎ ሰሃኑ ላይ ለሦስት ከፈለችና አሳየችው። እንደገና ደባልቃ ለአራት ከፈለችው። «አንዷን ውሰድ ብልህ የትኛው ጊዜ ላይ ትመጣለህ?»

«ለሦስት ስትከፍዪው» አለ።

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቅሃል?»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተሳሳተም። ቤታችን ውስጥ ያሉ አያቶች ስለ ሒሳብ የሚያውቁትን ነገር እኛ «የገበሬ ነገር» ብለን አልፈነዋል ብዬ አስባለሁ። «ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ያልሰማ ትልቅ ሰው የለም። ሦስት አንድ ሦስተኛ ተደምሮ ሙሉ እንደሚሆን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ወርክሺቱ «ትምህርት በ8፡30 ተጀምሮ በ3፡30 ያልቃል፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲል ልጆች ይደናገራሉ። ከ3 ላይ 8 አይቀነስም። 12ን መሻገር አለ። በእኛ ሰዓት ግን ያው ቀን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ከሰዓት 9፡30 ነው። ከ9 ላይ 2 ሲነሳ 7። አለቀ። ልጆቼን መጀመሪያ በእኛ ሰዓት አሠራቸዋለሁ፤ ከዚያ በፈረንጆቹ። ሁለቱም 7 ሲሆን በ12 ላይ የሚሻገረው ስሌት ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባቸዋል። ሁለት ሰዓት ማወቅ ሸክም ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ መልስ ማረጋገጫ ነው።

አሁን ስለ ፍርሃት ልናገር፤ ምክንያቱም ደረጃው ላይ የሚሰማው ጩኸት ከዚህ ነው የሚመጣው። ወላጅ የሚጮኸው ልጁን ስለሚጠላ አይደለም። ስለሚፈራ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1000 ልጅ 32 ማለት ነው። ይህን ዜና የሰማ ወላጅ የ6ኛ ክፍል ልጁ 3 ከ3/8 ብሎ ሲጽፍ ያ ቁጥር ፊቱ ላይ ይደቀናል። ይገባኛል። ግን ፍርሃቱ ወደ ልጁ ይሻገራል።

ይህን የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሪን ማሎኒና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከወላጆቻቸው ጋር አጥንተው ነበር። ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች የቤት ሥራ ላይ አዘውትረው ሲረዱ፣ ልጆቹ በዓመቱ መጨረሻ በሒሳብ የተማሩት አነሰ፤ እነሱም ሒሳብን ይበልጥ ፈሩ። እነዚያው የሚጨነቁ ወላጆች እምብዛም በማይረዱበት ቤት ግን ይህ አልታየም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው አዘንኩ። በቀን 10 ሰዓት ሠርቶ መጥቶ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ ሰው ጥረቱ በተቃራኒው ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ደግነቱ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ማታ ማታ አጫጭር የሒሳብ ታሪኮችን አብረው ሲያነቡና ሲያወሩባቸው የልጆቹ ውጤት ተሻሻለ፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች ልጆች ናቸው። ስለዚህ የምትፈሩ ከሆነ ራቁ ማለት አይደለም። አስተማሪ መሆን ትታችሁ አብራችሁ ጠይቁ ማለት ነው።

«ይሄ እንዴት ይጠፋሃል?» የሚለውን ጥያቄ ከቤታችን አስወጥተነዋል። መልስ የለውም። ልጁ ምን ይበል? ኩርኩም ደግሞ ከነጭራሹ አይነሳም። የሚያለቅስ ልጅ ክፍልፋይ አይገባውም።

ለልጅ የቤት ሥራውን ሠርቶ የሚሰጥ አስጠኚም ልክ አይመስለኝም። በወር ገንዘብ ይከፈለዋል፣ ደብተሩ በራይት ምልክት ይሞላል፣ ወላጅ ደስ ይለዋል። ልጁ ፈተና ላይ ብቻውን ነው። ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስቶ መልስ የሚሰጠው አፕም ያው ነው፤ ልዩነቱ ርካሽ መሆኑ። አስጠኚ ከቀጠራችሁ አንድ ቀን በር ላይ ቆማችሁ አዳምጡ። ማን ነው ይበልጥ የሚያወራው? ልጁ ከሆነ ጥሩ ሰው አግኝታችኋል።

በሌላ በኩል የማባዛት ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አለበት ባይ ነኝ። «መረዳት ይበቃል» የሚሉ ወላጆች ጋር በዚህ አልስማማም። 7 በ8ን ለማግኘት ጣት የሚቆጥር ልጅ ሐሳቡ እዚያው ያልቃል፤ ለከባዱ ጥያቄ የሚተርፈው የለም። እኛ መኪና ውስጥና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የምናጠናው፤ ከቤት ሥራ ሰዓት ውጭ።

ከቡናው ምሽት በኋላ ልጄ ራሷ አዲስ ጥያቄ ፈጠረች። «5 ኪሎ ቢሆንስ?» 20 ሩብ፣ ለ3። 6 ከረጢት ሞልቶ 2 ሩብ ይተርፋል። 2 ሩብ ግማሽ ኪሎ ነው። ገልብጣ ስታባዛ ግን 6 ከ2/3 መጣላት። «የተረፈው ግማሽ ነው ወይስ 2/3?» አለችኝ። ሰዓቱ 3 አልፎ ነበር፣ ዓይኗም ተከድኗል። ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሩብ ቆጥራ ማካፈል ችላለች። 5 ለ3/4 ሲካፈል የሚተርፈው ለምን ግማሽም 2/3ም እንደሚሆን ግን ጥያቄ ሆኖባታል።» ብዙ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ የምንጽፈው «አልገባትም» ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ ያለባት መምህርት በዚያ ምን ታድርግ? ልጁ የት ድረስ እንደደረሰና የት ላይ እንደቆመ ሲነገራት ግን የምትይዘው ነገር ታገኛለች።

መምህሯ በማግስቱ ጥያቄውን ለክፍሉ ሁሉ አቀረበችው። ገሚሱ ግማሽ አለ፣ ገሚሱ 2/3። ልጄ ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ ነበር የምታወራው። «ሁለቱም ልክ ነው! ግማሹ የኪሎ ነው፣ 2/3ቱ የከረጢቱ። ከረጢቱ 3 ሩብ ይፈልጋል፣ ያለን 2 ነው።»

«እንግዲያው ከ1 ኪሎ ብቻ ስንት ከረጢት ይወጣል?» አልኳት።

«አንድ ሞልቶ ሩብ ይተርፋል። ሩቧ የከረጢቱ 1/3 ናት። 1 ከ1/3።» እርሳሷን አነሳችና 4/3 ብላ ጻፈችው። ከጎኑ 3/4 አለ። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ግልባጩ ነው! ከ1 ኪሎ 4/3 ከወጣ፣ ከ4 ተኩል ደግሞ 4 ተኩል ጊዜ 4/3 ነዋ።»

በወርክሺቱ ላይ የቀሩትን ጥያቄዎች ገልብጣ እያባዛች ጨረሰቻቸው። እኔን የጠራችኝ ለፊርማ ብቻ ነው።